ከሮቤ እስከ አንገቱ፦ ጨው እየመረጡ መጓዝ

ባሌን ሊያይ የተነሣ መንገደኛ ምን ፍለጋ እንደሚሄድ ሲጠየቅ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፦ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን፣ የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ የሐረና ማር። ጥሩ መልስ ነው፤ ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ጨው ነው። ከሮቤ ተነሥቶ ጎባን፣ የሳነቴን አምባ፣ የሐረናን ጫካና ደሎ መናን አልፎ አንገቱ ከተማ የሚያደርሰው መንገድ፣ ጆሮውን ለሰጠ ተጓዥ፣ ከላይ እስከ ታች የጨው ወሬ አያጣም። ከብቱ ጨው ይፈልጋል፣ ቡናው ጨው ይፈልጋል፣ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ የተለየ ጨው ያስፈልጋታል።

የባለቤቴ ቤተሰቦች የአንገቱ ሰዎች ናቸው። የከተማዋን ስም በአማርኛ ጆሮ የሰማ ሰው የሰውነት ክፍል የተጠራ ይመስለዋል፤ እኔም በሠርጌ ሰሞን ጓደኞቼ "አንገቱ? የማን አንገት?" እያሉ ሲስቁብኝ ከርመዋል። በሐረና ቡሉቅ ወረዳ፣ በታላቁ ደን ደቡባዊ ወገን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዘንድሮ በጥር ወር ወደዚያ ስንወርድ ለአማቴ የምንይዘው ስንቅ ላይ ስኳርና ሩዝ ብቻ ሳይሆን ጨውም ነበረበት። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ሮቤ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። የቸኮለ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ እኔ ግን መኪናውን እመርጣለሁ። ከአዳባ በኋላ ያለው የስንዴና የገብስ ማሳ፣ ከዚያም ዲንሾ ሲቃረብ በጋይሳይ ሜዳ ላይ ከመኪና ሳይወርዱ የሚታዩት የደጋ አጋዘኖች በአውሮፕላን መስኮት አይገኙም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ በመንገዱ ላይ የሚቆመው ጎብኚ በዛ ያለ መሰለኝ።

ሮቤ የገበያ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የዞኑ መቀመጫነት አለ፣ ግን ልቧ ያለው ገበያዋ ላይ ነው። ጨው ተራ ስደርስ ባለቤቴ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ ደግሞ ሰው እያየሁ ቆምን። ሥራዬ ገበያ ነው፤ ሰው ዕቃ ሲገዛ እጁ የት እንደሚሄድ ማየት እወዳለሁ። ሦስት ዓይነት ጨው ነበር። አንደኛው በማዳበሪያ ከረጢት አፉ ተከፍቶ የተቀመጠ ሻካራ ጨው ሲሆን በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። ሁለተኛው በፕላስቲክ የታሸገ፣ የተፈጨ፣ "አዮዲን ያለው" የሚል ጽሑፍ የታተመበት ነው። ሦስተኛው ጠቆር ያለ፣ ለከብት የሚገዛ። ከቆምኩበት ሆኜ ያየኋቸው ገዢዎች ሻካራውን በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ይቀምሱታል፤ የታሸገውን ደግሞ ዋጋውን ጠይቀው መልሰው ያስቀምጡታል። ጽሑፉን ያነበበ አንድም ሰው አላየሁም። በእርግጥ ማንበብ ቢፈልጉም ቀላል አልነበረም። የፋብሪካው ስም እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዝፎ ሲታተም፣ "አዮዲን" የሚለው ቃል ግን ጥግ ላይ በመርፌ ጫፍ የተጻፈ ይመስላል። ሰው ገንዘብ ጨምሮ የሚገዛው በዚያ ቃል ምክንያት ሆኖ ሳለ ቃሉን መደበቅ ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ አይገባኝም።

ይህ ጨው ከየት ይመጣል? የጥንቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከዳሎል አካባቢ ተቆርጦ በግመል ወደ በርሃሌና መቀሌ የሚወጣው አሞሌ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ ሲገዛ ሲሸጥ ኖሯል። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥር ይወደድ ስለነበር በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። የዛሬው የጓዳ ጨው ግን በብዛት የአፍዴራ ነው። የአፍዴራ ምርት የገነነው እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ነው፤ ከዚያ በፊት ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው ጨው ቀረ። ከቀረው ነገር አንዱ ግን ያኔ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነበር። ከወደብ የሚመጣው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር፤ ከአፍዴራ በጥድፊያ መውጣት የጀመረው ጨው ግን ምንም አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከ100 15 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ በ2003 ዓ.ም.፣ ጨው አዮዲን ሳይጨመርበት ለምግብነት እንዳይሸጥ የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 አድጎ ተገኘ። ትልቅ ለውጥ ነው። "አለበት" እና "በበቂ መጠን አለበት" ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱን አንገቱ ላይ በዓይኔ አየሁት።

ያን ዕለት ጎባ አደርን። ከሮቤ ጎባ ቅርብ ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ብርድ ነው። ማታ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ሳለን ዋርሳዬ ከሚኒያፖሊስ በቪዲዮ ደወለ። የአንገቱ ልጅ ነው፤ አሁን በረዶ አገር ተቀምጦ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር አስገብቷል። ቀልድ አይደለም። 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ኮራል ያረባል፤ ብርቱካናማ ዓሦች ያስሮጣል። ስለ ጨው ተራው ስነግረው ገንዳውን ትቶ የገንዳውን ጨው ማውራት ጀመረ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሊያወራ ይችል ነበር።

ለእኔ አዲስ የሆነብኝ ይህ ነው፦ ጨው ማለት አንድ ነገር አይደለም። የጓዳ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው ብለን እንለፈው። የባሕር ውኃ ግን ከእሱ ሌላ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ባይካርቦኔት ይዟል። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከውኃው በሚስበው ካልሲየምና ካርቦኔት ስለሆነ፣ የጓዳ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ምላስ ላይ የቀይ ባሕርን ያህል ቢጨውም ኮራሉ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው ይገዛል። ከእነ ኢንስታንት ኦሽን፣ ከእነ ትሮፒክ ማሪን፣ ሬድ ሲ ከሚባለውም የትኛውን እንደሚገዛ መምረጡ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

"ስሙን አይደለም የማየው" አለኝ። የሚያየው ሦስት ቁጥር ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ገደማ ሲሟሟ ካልሲየሙ ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ይሆናል ወይ? ማግኒዚየሙ 1,300 አካባቢ ነው ወይ? አልካላይኒቲ የሚሉት፣ ውኃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም፣ ስንት ነው? በተፈጥሮ ባሕር ይህ የመጨረሻው በእነሱ መለኪያ ከ7 እስከ 8 ነው፤ አንዳንዱ የተቀመመ ጨው ግን 11 እና 12 ያደርሰዋል። ጠንካራ አጥንት ያለው ኮራል በብዛት ለሚያረባና ኮራሉ ቶሎ ቶሎ ለሚያድግበት ሰው ከፍተኛው ይረዳዋል፤ ካልሲየሙና ካርቦኔቱ ቶሎ ይበላበታልና። ለስላሳ ኮራልና ጥቂት ዓሣ ላለው ጀማሪ ግን ለተፈጥሮው የቀረበው ይበቃዋል፤ ዋጋውም ይቀላል። ከሁሉም የከፋው በየወሩ ጨው መቀያየር ነው ይላል። ኮራል ከጥሩና ከመጥፎ ይልቅ መዋዠቅን ይጠላል።

አበጣጠሩም ሥርዓት አለው። የቧንቧ ውኃ መጀመሪያ ተጣርቶ ማዕድኑ ይወጣለታል፤ ከዚያ ጨው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ ጨው አይፈስም፤ በፓምፕ እየተናጠና 25 ዲግሪ እየሞቀ ጥርት እስኪል ይቆያል፤ ተለክቶ ይገባል። ባልዲው ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ይገለባበጣል፤ በመጓጓዣ ላይ ደቃቁ ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይ የተጨለፈውና ከታች የተጨለፈው አንድ ላይሆን ይችላል። እርጥበት ካገኘው ይረጋል፤ የረጋ ጨው ካልሲየሙን አያሟሟም። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ባለቤቴ ከጎኔ አንቀላፍቷል። እኔ ግን ስልኬ ላይ ሒሳብ እየሠራሁ ነበር። ዋርሳዬ በሳምንት ከገንዳው አንድ አሥረኛውን፣ 20 ሊትር፣ ይቀይራል፤ ይህ 700 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃዋል ይላል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በዚህ ልክ ቢበላ በወር 750 ግራም ነው። የሚኒያፖሊስ ኮራል በሳምንት የሚቀየርለት ጨው የአንድ ቤተሰብን የወር ጨው ያህላል ማለት ነው። ለኮራሉ የሚነበበው ቁጥር ግን ለቤተሰቡ ከሚነበበው እጅግ ይበልጣል።

ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት "እማዬን ሆራ ጠይቂያት" አለኝ። "እኔ ይህን ነገር የለመድኩት ከእሷ ነው።"

ሆራ የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን ከቢሾፍቱ ሐይቅና ከኢሬቻ ጋር አያይዘን እናውቀዋለን። ቃሉ በኦሮምኛ ማዕድን ያለበትን፣ ጨዋማውን ውኃ ያመለክታል። በባሌ ተራሮች ውስጥ በየቦታው እንዲህ ያሉ ምንጮች አሉ። ውኃቸው ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ዚንክ ስላለው ከብት አርቢው መንጋውን ከሩቅ ነድቶ ያመጣል፤ ከብቱም ይጠጣና ይመለሳል። ከድሮ ጀምሮ ጎዳንቱ የሚባል ሥርዓት አለ። ከብት በወቅቱ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ሣርና ሆራ እየተከተለ ይንቀሳቀሳል። ወደ ደቡብ ቦረና ቢሄዱ ደግሞ ኤል ሶድ አለ፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ያለው "ጨው ቤት"። ሰዎች ወደ ጥቁሩ ውኃ ገብተው እየጠለቁ ጨው ያወጣሉ፣ አህያ ደግሞ ዳገቱን ይዞት ይወጣል። እዚያም ጥቁሩ ጭቃ ለከብት፣ ነጩ ለሰው ተብሎ ይለያል። አርብቶ አደር ጨው ሲመርጥ "ለማን?" ብሎ ነው የሚጀምረው።

በማግስቱ ሳነቴን ተሻገርን። ስለ ሳነቴ ብዙ ተጽፏል፤ ላሳጥረው። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሆኖ በስተቀኝ ይቆማል፣ ጂብራው በየቦታው ተተክሎ ሰው ይመስላል። ቀይ ቀበሮ አየን፤ አንዷ ከመንገዱ ዳር ፍልፈል ስታደባ መኪናችንን ከቁብ አልቆጠረችውም። ልጆች ያላችሁ ግን በሳነቴ ላይ ለረጅም ሰዓት አትቁሙ። ከፍታው ራስ ምታት ያመጣል፣ ንፋሱም ጃኬት አይበግረውም።

ከሳነቴ ጫፍ ወደ ሐረና መውረድ ግን የዚህ አገር ትልቁ ትዕይንት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሜዳው ያልቅና መጀመሪያ አስታ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ሽበት ያወጣ የሚመስል፣ ግንዱ ሁሉ በሽበት ላይ የተሸፈነ ዛፍ ይመጣል። ጉሙ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚነሣው። ሪራ መንደር ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። ከዚያ በታች በትልልቅ ዛፎች ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች ይታያሉ፤ ወረድ ሲል ማንም ያልተከለው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ራሱን የዘራ ቡና ይጀምራል። የሐረና የጫካ ቡና ይህ ነው። ጃኬቱ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ደሎ መና ሲደርስ ደግሞ ውኃ ፍለጋ ነው። ዝናብ የበዛበት ደጋ አፈሩ ለዘመናት ሲታጠብ ኖሯል፤ አዮዲን ደግሞ ቶሎ ከሚታጠቡት አንዱ ነው። ከተራራው ይወርድና መጨረሻው ባሕር ነው። ዋርሳዬ ሳሎን ያለው ውኃ ውስጥ ያለው እኛ ማሳ ላይ የሌለው ለዚህ ነው።

አንገቱ ስንደርስ አመሻሽ ነበር። አማቴን እኔም እንደ ልጆቻቸው አዴ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን እንጃ ይላሉ፤ ሰባ ሳያልፋቸው አይቀርም። ያለማቋረጥ ይሠራሉ፣ ያለማቋረጥ ይቀልዳሉ። አንገታቸው ላይ ከእኔ ጡጫ የሚተልቅ እንቅርት አለ። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ይሸፍኑታል። የወጣትነት ፎቷቸው ላይ የለም፤ ሦስተኛ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ቀስ በቀስ እንደመጣ ይናገራሉ። በመካከሉ ሁለት ልጆች ሞተው ተወልደውባቸዋል። ይህንንም ሲናገሩ ድምፃቸው አይለወጥም፤ በዚህ አገር ብዙ ሴት የምትናገረው ነው። በአገራችን በተደረገ አንድ ሰፊ ጥናት ከ100 ሴቶች 36 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። በሰሜን ኢትዮጵያ እናቶች አንገት ላይ የምናየው ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ይከለክላል ተብሎም ይነቀሱት ነበር።

እንቅርት ግን የሚታየው ክፍል ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል፤ ሲያጣ ያለውን ለመሰብሰብ እየገዘፈ ይሄዳል። በእርግዝና ጊዜ እጥረቱ ጽንስ ሊያስወርድ፣ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ፣ የተወለደውንም ልጅ አእምሮና መስማት ሊጎዳ ይችላል፤ ከተጎዳ በኋላ ደግሞ አይመለስም። የሚያስፈልገው መጠን ግን ሲሰሙት ያስገርማል። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። አንድ ሰው ሰባ ዓመት ቢኖር የዕድሜ ልኩ አዮዲን አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ጨው ጭነን የመጣነው ለዚህ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሚስት፣ የአዴ ምራት፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትኖረውም እዚያው ግቢ ነው፤ የምትበላውም ከዚያው ማጀት። ማጀቱ ውስጥ ያለው ጨው ደግሞ የማዳበሪያው ሻካራ ጨው ነው፤ ምድጃው አጠገብ በተከፈተ ቅል ይቀመጣል። አዴ የታሸገውን አይወዱትም። "አይጨውም፣ ዱቄት ነው፣ እፍኝ ብታደርጊበት ወጡ አይሰማውም" ይላሉ። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ተከራክሯቸዋል፤ "ሐኪም ብሏል" ይላቸዋል። እሳቸውም "ሐኪሙ ወጥ ሠርቶ ያውቃል?" ይሉታል።

በሁለተኛው ቀን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነፍሰ ጡሯን ልታይ መጣች። የጨው መመርመሪያ ጠብታ ይዛ ነበር። ሦስት ዓይነት ጨው በሳህን ላይ አኖርን። ከቅሉ የተወሰደው ሻካራው፣ እኛ ከአዲስ አበባ ያመጣነው የታሸገው፣ ሦስተኛው ደግሞ እዚያው ሰፈር ካለ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ የታሸገ ጨው። ጠብታዋን አንድ አንድ አደረገችባቸው። የእኛው ወዲያው እንደ ወይን ጠጅ ሐምራዊ ሆነ። ሻካራው ነጭ እንደነበረ ቀረ። የሱቁ ደግሞ ፈዛዛ፣ ታጥቦ የደበዘዘ ነጠላ ጥለት መሰለ። አዴ ሦስቱንም አዩና "አስማት አታድርጉብኝ" ብለው ሳቁ።

ያን ጊዜ ነው ሆራውን ያነሣሁት። ባለቤቴ እያስተረጎመልኝ "አዴ፣ ለከብቱ ጨው ከቤት እየሰጣችሁ ለምን ሆራ ድረስ ትነዱታላችሁ?" አልኳቸው። ጥያቄው አስቂኝ ሆነባቸው። "ጨው ብቻውን ምን ያደርግለታል? ሆራ ውስጥ ሌላም አለ። ሆራ ያጣች ላም ጠጉሯ ይቆማል፣ ወተቷ ይጎድላል፣ ጥጃዋም አይጸናም።" ጥጃዋም አይጸናም ሲሉ ዓይናቸው ወደ ምራታቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ እኔ የጨመርኩት ብዙ አልነበረም። ይህኛው ጨው ሌላም አለበት፤ ያኛው ጨው ብቻ ነው፤ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ሐምራዊውን በጣታቸው ሊቀምሱ ሲሉ ልጅቷ "የተመረመረው አይበላም!" ብላ እጃቸውን ያዘች። ከፓኬቱ ሌላ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። "ይጨዋል" አሉ፣ እንደተሸነፈ ሰው ሳይሆን እንደ ገዢ።

የተቀረው የአያያዝ ጉዳይ ነበር፤ እሱም ከዋርሳዬ ባልዲ ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። አዮዲን ሙቀት፣ እርጥበትና ፀሐይ ይቀንሱታል። ስለዚህ ቅሉ ከምድጃው ተነሥቶ ክዳን ባለው ዕቃ ተተካ፤ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነበር የተገኘው። ወጥ ላይ ጨው የሚጨመረው በመጨረሻ፣ ድስቱ ከመውጣቱ በፊት እንዲሆን ተባለ። ከሱቅ ሲገዛም ደጃፍ ላይ ፀሐይ የመታው ሳይሆን ከውስጥ መደርደሪያ ያለው፣ የተመረተበት ቀን የቀረበው ይጠየቅ። እጥበት የለመደ እጅም አለ፤ ሻካራ ጨው አፈር ስላለበት አጥቦ መጠቀም በብዙ ቤት አለ፤ አዮዲን ያለው ጨው ግን ሲታጠብ ዋናው ነገር ከውኃው ጋር ይደፋል። መጠኑን ማብዛትም አያስፈልግም፤ ለደም ግፊት የሚተርፈው እሱ ነው።

ስለ አዴ ስለራሳቸው ደግሞ ልጅቷ ቀጥ ብላ ነገረቻቸው። በዚህ ዕድሜ የገዘፈ እንቅርት በጨው አይጠፋም፤ ለብዙ ዓመት አዮዲን ያላገኘ ዕጢ ድንገት ሲያገኝ ከልክ በላይ ሊሠራና ልብ ሊያስመታ ስለሚችል ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲሄዱ ጻፈችላቸው። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለውን የአማርኛ ተረት ባለቤቴ ተርጉሞ ሲነግራቸው በጣም ወደዱት፤ ለጎረቤት ሁሉ ሲደግሙት ሰነበቱ። ከእኛ ጋር ወደ ጎባ ለመሳፈር የተስማሙት ግን ከሦስት ቀን ክርክር በኋላ፣ የፍየሎቹ ነገር ለማን እንደሚተው ከተወሰነ በኋላ ነው።

በዚህ መካከል ቡና በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይፈላል። በዚህ አገር ቡና ከስኳር ይልቅ በጨው፣ አንዳንዴም በቅቤ ይጠጣል፤ ለአዲስ አበባ ምላስ መጀመሪያ እንግዳ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ግን ስኳሩ ነው እንግዳ የሚሆነው። የጫካው ቡና ፍሬው ትንንሽ ነው፤ ሽታው ማር ማር ይላል። ጨዉ ሲኒው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጀበናው ውስጥ አይደለም። ልብ ብዬ አየሁ፤ ቆርቆሮው ከረከቦቱ አጠገብ ቀርቧል።

ወደ አንገቱ መሄድ የምትፈልጉ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወቅት ምረጡ። ከጎባ በታች ያለው መንገድ በዝናብ ጊዜ ረጅም ጎማ ይጠይቃል፤ ነዳጅ ጎባ ላይ ሙሉ፤ ከሳነቴ በፊት የልጆቹን ወፍራም ልብስ ከሻንጣ አውጡ፤ ከሐረና በኋላ ደግሞ ስስ ልብሳቸውን። ማር ከመንገድ ዳር ስትገዙ ከእነ ሰፈፉ የሆነውን ጠይቁ። ዘመድ የምትጠይቁ ከሆነ ከስኳሩ ጋር ሁለት ሦስት ኪሎ የታሸገ ጨውና ጥሩ ክዳን ያለው ዕቃ ጨምሩ። የዋርሳዬ መልእክት ትናንት ደርሶኛል፤ ነፍሰ ጡሯ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፣ አዴም ከጎባ መድኃኒት ይዘው ተመልሰዋል፣ የጨው ተራውን ነጋዴ ደግሞ "ሐምራዊ የሚሆነውን ስጠኝ" እያሉ አስቸግረውታል አለኝ።